የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዥና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚካሄድ ጥናት መነሻ

መግቢያ

በአንድ ወረዳ በጀት ውስጥ ከደመወዝ የሚተርፈው ገንዘብ በአብዛኛው ለዕቃና ለአገልግሎት ግዥ ይውላል። የተማሪ መቀመጫ፣ የጣራ ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ወረቀት፣ ማገዶ፣ ነዳጅ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የጽዳት ዕቃ ሁሉ የሚገዙት በሕዝብ ገንዘብ ነው። አንድ ቤተሰብ ሁለት ወንበር ቢገዛ የገበያው ጠባይ አይለወጥም። አንድ ወረዳ ግን በአንድ ጊዜ መቶና ሁለት መቶ መቀመጫ ሲገዛ የሚያወጣው ማስታወቂያ አናጢው በምን እንጨት እንደሚሠራ፣ ነጋዴው ምን እንደሚያመጣ፣ ዛፍ ቆራጩም ወደ የትኛው ደን እንደሚሄድ ይወስናል። በመሆኑም የመንግሥት ግዥ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአፈር፣ የውኃና የደን ጉዳይም ነው።

በአሁኑ ጊዜ «አረንጓዴ ግዥ» የሚለው ስያሜ በመንግሥት ዕቅዶችና በልዩ ልዩ ሰነዶች ውስጥ በተደጋጋሚ ይነበባል። ነገር ግን ስያሜው በወረቀት ላይ መስፈሩና በግዥ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ለማወቅ የሚቻለው መሥሪያ ቤቶቹን በሚገባ በተዘጋጀ መጠይቅ በማጥናት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚካሄድ እንዲህ ላለ ጥናት መጠይቁ ምን መልክ ሊኖረው እንደሚገባ ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች ማብራራት ነው።

የአረንጓዴ ግዥ ምንነት

አረንጓዴ ግዥ ማለት አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገዛ ከዋጋውና ከጥራቱ ጋር ዕቃው በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም አብሮ የሚመዝንበት አሠራር ነው። ገዥው ሦስት ነገሮችን ይመረምራል። አንደኛ፣ ዕቃው ከምንና ከየት ተሠራ? ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ ምን ያህል ማገዶ፣ ነዳጅ፣ ውኃ ወይም ወረቀት ይፈጃል? ሦስተኛ፣ አገልግሎቱን ሲጨርስ ይጠገናል፣ ለሌላ ጥቅም ይውላል ወይስ ይጣላል?

አረንጓዴ ግዥ ምንጊዜም ውድ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ይገኛል። ይህ የሚመነጨው የመግዣውን ዋጋ ብቻ ከማየት ነው። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ የተማሪ መቀመጫ በ3,000 ብር ተገዝቶ 4 ዓመት ብቻ ቢያገለግል፣ ሌላው ደግሞ በ4,500 ብር ተገዝቶ 9 ዓመት ቢያገለግል፣ የመጀመሪያው በዓመት 750 ብር፣ ሁለተኛው 500 ብር ያስወጣል ማለት ነው። በ36 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ዐይነት 9 ጊዜ ተገዝቶ 27,000 ብር ሲፈጅ፣ ሁለተኛው 4 ጊዜ ተገዝቶ 18,000 ብር ይፈጃል። የሚቆረጠው እንጨትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በመግዣው ቀን ርካሽ የነበረው መቀመጫ በዘመኑ ፍጻሜ ሲታሰብ ለትምህርት ቤቱም ለደኑም ውድ ሆኖ ይገኛል።

የሕጉ አቋም

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92ም መንግሥት የሚያካሂዳቸው የልማት ሥራዎች የአካባቢውን ደኅንነት የሚያናጉ መሆን እንደሌለባቸው ያመለክታል። የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲው በ1989 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ የመገንባት ስልትም በ2004 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች የተቀበሏቸው የዘላቂ ልማት ግቦች በ12ኛው ግብ ሥር የመንግሥት ግዥ ከየአገሩ ፖሊሲ ጋር በተጣጣመ መንገድ ዘላቂነትን እንዲከተል ይጠይቃሉ።

ግዥን በተመለከተ የፌዴራሉ መንግሥት አዋጅ ቁጥር 649/2001ን ሲጠቀም ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተክቶታል። ክልሎችም ለራሳቸው መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸውን የግዥ ሕግ ያወጣሉ። የእነዚህ ሕጎች መሠረተ ሐሳብ የሕዝብ ገንዘብ በቁጠባና በውጤታማነት ሥራ ላይ እንዲውል፣ ተወዳዳሪዎችም በእኩልነት እንዲታዩ ነው። በወረዳ ደረጃ በተለምዶ የሚሰማው ግን «ሕጉ ዝቅተኛውን ዋጋ ምረጥ ይላል» የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሹን ብቻ ይናገራል። ዝቅተኛ ዋጋ የሚመረጠው የተጠየቀውን ዝርዝር መግለጫ አሟልተው ከተገኙት መካከል ነውና። በመግለጫው ላይ የእንጨቱ ውፍረት፣ የተቆረጠበት ስፍራ፣ የዋስትናው ዘመን፣ የምድጃው የማገዶ ቁጠባ አስቀድሞ ከተጻፈ፣ እነዚህን ያላሟላ ተወዳዳሪ በዋጋ ዝቅ ቢልም አያሸንፍም። የአረንጓዴ ግዥ በር የሚከፈተው እንግዲህ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት፣ ዝርዝር መግለጫው በሚጻፍበት ሰዓት ነው። ጥናቱም በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው ይህንኑ ወረቀት ነው።

አካባቢው

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች የሚዘልቅ፣ ደጋውም ቆላውም ያለበት አገር ነው። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ርብና ጉማራ ከዚሁ ተነሥተው ወደ ጣና ይፈስሳሉ። የአካባቢው መሬት ተዳፋት በመሆኑና ለረጅም ዘመን በመታረሱ የአፈር መከላቱ ከባድ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ይገኙበታል። ገበሬው በየዓመቱ በሕዝብ ሥራ እርከን ሲሠራና ተራራ ሲከልል፣ የወረዳው መሥሪያ ቤት ደግሞ ምንጩን ያልጠየቀውን እንጨት ቢገዛ፣ አንዱ እጅ የገነባውን ሌላው እጅ ያፈርሰዋል።

በደቡብ ጎንደር የተረፈው ነባር ደን በአብዛኛው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት በዚሁ ዞን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዐይነት እንጨታማ ዕፀዋትን መዝግበዋል። ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ በእነዚህ አጸዶች ውስጥ የተጠበቁት በአማኙ አክብሮት እንጂ በአጥር ብዛት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ገበያው ላይ ለመንግሥት ግዥ የሚቀርበው ጣውላ ከገበሬው ባሕር ዛፍ የመጣ ነው ወይስ ከነባር ዛፍ የተሰነጠቀ ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በዚህ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ጉዳዩን አሁን አስቸኳይ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ በመንግሥት ተቋማት ላይ ጉዳት አድርሷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተጎድተዋልም። የተጎዳን ትምህርት ቤት መልሶ ለማቋቋም ብዙ መቀመጫ፣ ብዙ በርና መስኮት፣ ብዙ የጣራ እንጨት በአጭር ጊዜ ይገዛል። በችኮላ የሚገዛ ዕቃ ደግሞ መግለጫው አጭር፣ ዕድሜውም አጭር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚጻፍ የግዥ መግለጫ ሕፃናቱ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚቀመጡበትን ወይም መሬት ላይ የሚቀሩበትን ይወስናል።

ለጥናቱ የሚመረጡ የዕቃ ምድቦች

አንድ መሥሪያ ቤት የሚገዛውን ሁሉ ማጥናት አይቻልም። ስለሆነም በትምህርት ሥራና በተፈጥሮ ሀብት ላይ ብርቱ ተጽዕኖ ያላቸውን ጥቂት ምድቦች መምረጥ ይገባል።

ሀ. የተማሪ መቀመጫና የመማሪያ ክፍል ቁሳቁስ። የእንጨቱ ዐይነትና ምንጭ፣ የብረቱ ውፍረት፣ ሲሰበር በአካባቢው አናጢ ወይም በያጅ ለመጠገን መቻሉ ይመረመራል።

ለ. ማገዶና ምድጃ። የተማሪዎች ምገባ በሚካሄድባቸው ትምህርት ቤቶች፣ በጤና ተቋማትና በማረሚያ ቤቶች ማገዶ የዘወትር ግዥ ነው። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በጉልቻ ላይ ከሚነድደው እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ ይችላል። ስለዚህ አንዱ የምድጃ ግዥ ከብዙ የማገዶ ግዥ ያድናል።

ሐ. የግንባታ ዕቃ። በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ ክፍል በመጀመሪያ ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም ምስጥና ዝናብ ቶሎ ይጎዱታል። በአካባቢው ድንጋይ የሚሠራው ብዙ ጉልበት ቢጠይቅም ለረጅም ዘመን ይቆያል።

መ. ወረቀትና የማባዣ መሣሪያ። በሁለቱም ገጽ የሚያትም መሣሪያ መግዛት የፈተና ወረቀትን ወጪ ወደ ግማሽ ያወርዳል።

ሠ. መብራትና የኃይል ምንጭ። የኤሌክትሪክ መሥመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ሲገዛ፣ ባትሪው ሲያልቅ ሻጩ መልሶ የሚወስደው መሆኑ ሊጠየቅ ይገባል።

ከሌሎች አገሮች ጥናት የሚገኝ ትምህርት

መጠይቁን ከማዘጋጀት በፊት እንዲህ ያለ ጥናት ቀደም ብለው ያካሄዱት ምን እንዳገኙ መመልከት ይጠቅማል። ጃፓን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለተፈጥሮ የሚስማሙ ዕቃዎችን እንዲገዙ የሚያዝዝ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2010 ድረስ ከመንግሥት ግዥዎች መካከል 50 በመቶው አረንጓዴ እንዲሆኑ ወጥኖ ነበር። ዕቅዱ መፈጸሙን ለማረጋገጥ ከ850 በላይ መሥሪያ ቤቶች በመጠይቅ ተጠኑ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ።

የዚያ ጥናት ዋና ብልኃት መሥሪያ ቤቶቹን ስለ ጠቅላላ አሠራራቸው ብቻ ከመጠየቅ አልፎ በየምድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ስለፈረሙት ውል መጠየቁ ነው። ከተመረመሩት የመጨረሻ ውሎች ውስጥ የተወሰኑትን ዋና ዋና መስፈርቶች ሁሉ ያሟሉት 26 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ቢያንስ አንዱን ያሟሉት 55 በመቶ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤቶቹም 64 በመቶው ውሳኔ የሚሰጡት በዋነኛነት የመግዣውን ዋጋ በማየት መሆኑ ታወቀ።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ «አረንጓዴ» የሚባለው ምን እንደሆነ በጥናቱ ካልተወሰነ ያው አንድ አሠራር በአንድ አነጋገር ዕቅዱን ያልፈጸመ፣ በሌላው ከዕቅዱ ያለፈ ሊመስል መቻሉ ነው። 26ና 55 ከአንድ ዐይነት ሰነዶች የወጡ ቁጥሮች ናቸውና። ሁለተኛው፣ ሀብታም በሆኑና ሕጉን ቀደም ብለው ባወጡ አገሮች እንኳ ዋጋ ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ መሆኑ ነው። ስለዚህ በወረዳ ደረጃ ተመሳሳይ ነገር ቢገኝ ሠራተኛውን ለመውቀስ ሳይሆን መንሥኤውን ለመረዳት ሊያገለግል ይገባል።

መጠይቁ እንዴት ይዘጋጅ?

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ታላቅ የትምህርት ማእከል መሆኗ የታወቀ ነው። በሌላ ጉባኤ ድጓን የተማረ ደቀ መዝሙር ምስክር ለመሆን ወደዚያ ይሄዳል። «ድጓ አውቃለሁ» ብሎ መናገሩ ግን አይበቃውም። ዜማውን በመምህሩ ፊት አሰምቶ፣ ታርሞና ተመዝኖ ነው የሚመሰከርለት። የመሥሪያ ቤቶች ጥናትም ይህንኑ የቆየ የምዘና ሥርዓት ቢከተል ይበጀዋል። «አረንጓዴ ግዥ ትፈጽማላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ኃላፊ «አዎን» ማለቱ የማይቀር ነው። የሚመሰክረው ግን ቃሉ ሳይሆን የግዥው ሰነድ ነው።

ከዚህም ሌላ ስያሜው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በስፋት የታወቀ በመሆኑ «አረንጓዴ ግዥ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው የችግኝ ግዥን ነው። ስለዚህ በመጠይቁ ውስጥ ስያሜው ጨርሶ ባይገባና በምትኩ ስለ እንጨት፣ ስለ ማገዶ፣ ስለ ጥገናና ስለ ዕድሜ በግልጽ ቢጠየቅ የተሻለ ነው። በእያንዳንዱ ምድብ የሚከተሉት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

1. በዚህ ምድብ የመጨረሻው ግዥ የተፈጸመው መቼ ነው? ብዛቱና ዋጋውስ?
2. ግዥው የተፈጸመው በግልጽ ጨረታ፣ በውስን ጨረታ፣ በተለምዶ ፕሮፎርማ በሚባለው የዋጋ ማቅረቢያ ወይስ በቀጥታ ነው?
3. ዝርዝር መግለጫውን ያዘጋጀው የትኛው ክፍል ነው? ዕቃውን የሚጠቀምበት ትምህርት ቤት ተጠይቋል?
4. በመግለጫው ውስጥ ስለ ዕቃው ምንጭ፣ ጥንካሬ፣ የኃይል ቁጠባ ወይም ዋስትና የተጻፈ አለ? ካለ ቃሉ እንዳለ ይገልበጥ።
5. በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ አሸናፊው የተመረጠበት ምክንያት ምን ተብሎ ተጽፏል?
6. ዕቃው ገቢ ሲሆንና ሞዴል 19 ሲቆረጥ መግለጫውን ማሟላቱን ያረጋገጠው የትኛው ባለሙያ ነው?
7. ከተገዛው ዕቃ ውስጥ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያለው ስንት ነው? ተሰብሮ የተቀመጠውስ?
8. የተሻለ ዕቃ ለመግዛት ያልተቻለው በበጀት ማነስ፣ አቅራቢ በመጥፋት፣ በጊዜ ማጠር ወይስ ከኦዲት ጥያቄ በመሥጋት ነው?

በእያንዳንዱ መልስ አንጻር «ሰነድ ታይቷል»፣ «በቃል ብቻ የተነገረ» ወይም «ሰነድ አልተገኘም» የሚል ምልክት ይደረጋል። ውጤቱ ሲጠናቀርም እነዚህ ሦስቱ ሳይቀላቀሉ ለየብቻቸው መቅረብ አለባቸው።

ስምንተኛው ጥያቄ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የግዥ ሠራተኛ ውድ ግን ጠንካራ ዕቃ ገዝቶ «ለምን ርካሹን ተውህ?» ተብሎ የመጠየቅ ሥጋት አለበት። ርካሹን ገዝቶ ዕቃው በዓመቱ ቢሰበር ግን እምብዛም የሚጠይቀው የለም። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ ሠራተኛው ራሱን ለመጠበቅ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጡ የሚጠበቅ ነው። እውነተኛ መልስ እንዲገኝ ጥናቱ ከኦዲት የተለየ መሆኑ በጽሑፍ ሊገለጽ፣ የመላሾቹም ስም በመጠይቁ ላይ እንዳይጻፍ ሊደረግ ይገባል።

ናሙናና ጊዜ

በወረዳ ደረጃ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ግዥ በአንድ ቋት የሚፈጸም በመሆኑ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ዋናው መላሽ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ብቻ መወሰን አይገባም። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚጠይቀው፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የሚገዛው፣ ትምህርት ቤቱም የሚረከበው አንድ ዕቃ ስለሆነ ሦስቱም ስለዚያው ግዥ ተለይተው ቢጠየቁ መልሶቻቸው የት ላይ እንደሚለያዩ ይታወቃል። ትምህርት ቤቶችም በድጎማ ገንዘባቸውና በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አማካይነት በቀጥታ የሚገዟቸው ዕቃዎች ስላሉ በናሙናው ውስጥ ይካተታሉ። ከትምህርት ቤቶቹ መካከል በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች ያሉት ብቻ ሳይሆኑ ከመኪና መንገድ የራቁትም መመረጥ አለባቸው። ስማዳና እስቴን የመሰሉ ወረዳዎች በልዩ ልዩ ጊዜ ስለተከፋፈሉ የቀድሞ ሰነዶችን ከአዲሶቹ ጋር ሲያነጻጽሩ ወሰኑን ማስተዋል ያሻል።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ በሰኔ ወር መሥሪያ ቤቶች ያልተሠራበትን በጀት ለመጨረስ በግዥ ይጣደፋሉ። በዚያ ወር መጠይቅ ይዞ መሄድ ተገቢ መልስ አያስገኝም። በአንጻሩ የሰኔ ግዥዎች ከሌሎቹ ተለይተው ቢመረመሩ ችኮላ በመግለጫው ጥራት ላይ የሚያደርሰውን ያሳያሉ። የጸጥታው ሁኔታ ጉዞ በማይፈቅድበት ስፍራ በስልክ መጠየቅና የሰነዱን ፎቶግራፍ መቀበል ይቻላል። ሆኖም የማንም ሰው ደኅንነት ለመረጃ ሲባል አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም።

የጥናቱ ጥቅምና የመምህራን ድርሻ

ጥናቱ ሲጠናቀቅ ከሁሉ በፊት ሊገኝ የሚገባው ፍሬ ለየምድቡ የሚሆን የጋራ ዝርዝር መግለጫ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ ስለ ተማሪ መቀመጫ ሁለት መሥመር ከሚጽፍ፣ ዞኑ ባለሙያ አሰባስቦ አንድ የተሟላ መግለጫ ቢያዘጋጅ ሠራተኛው ከኦዲት ሥጋት ይድናል፤ አናጢውም የሚጠበቅበትን አስቀድሞ ያውቃል። ሁለተኛው ፍሬ ለጥገና የሚሆን በጀት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ጓሮ ተከምሮ የሚታየው ስብርባሪ መቀመጫ በጥቂት ሚስማርና በአንድ ጣውላ ወደ ክፍል ሊመለስ የሚችል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው አረንጓዴ ግዥ አንዳንድ ጊዜ አለመግዛት መሆኑን ዕቅድ አዘጋጆች ሊዘነጉት አይገባም።

መምህራንና ርእሳነ መምህራን በበኩላቸው ጥናቱን ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። አዲስ መቀመጫ ሲገባ የተገዛበት ዓመተ ምሕረት በቀለም ይጻፍበት። በየዓመቱ መጨረሻ ከየዓመቱ ግዥ ስንቱ እንደቀረ ይቆጠር። ይህ ቁጥር የሒሳብ መምህሩ ለክፍሉ የአማካይና የመቶኛ ትምህርት ሊያደርገው ይችላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም የትኛው አቅራቢ ያቀረበው ዕቃ ምን ያህል እንደቆየ የሚናገር፣ ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ማስረጃ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዥ ለተፈጥሮ ሀብት የሚያስብ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከመግለጫው፣ ከቃለ ጉባኤውና ዛሬ በክፍሉ ውስጥ ካለው ዕቃ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚካሄደው ጥናት የመጨረሻውን ግዥ በሰነድ እየመረመረ፣ ዕቃውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እየተከታተለ፣ ሠራተኛውንም ሳያስደነግጥ ከተሠራ፣ መልሶ በሚቋቋሙት ትምህርት ቤቶች የሚወጣው ገንዘብ መቀመጫውንም ደኑንም ሊያተርፍ ይችላል። ይህ እንዲሆን ደግሞ ዝርዝር መግለጫው የሚጻፍባት አንዲት ወረቀት ከጨረታው ቀን በፊት በጥንቃቄ ልትታይ ይገባል።